ማሽኑ የማያነበው መስመር

ኦለሱንድ፣ ጥር ወር፤ ከሌሊቱ አስር፣
ጀልባው ተጠግቶ ገመዱ ሲታሰር፣
ዓሣው ሣጥን ሞልቶ ሚዛን ላይ ሲጫን፣
ዋጋ ጠሪው ደግሞ የኔ አሮጌ ማሽን።

የዓሣው ስም ኮድ ነው። ስመጣ ሳቅሁበት፤
እኔ የምጽፈውን፣ በድንች ሲበሉት።

ጨረታው ሲከፈት፣ አስራ አንድ ላይ፣ በልኩ፣
ሁለት መቶ ገዢ፣ ሁሉም ከየስልኩ፣
አንድ ጊዜ ሲነካው፣
ሰርቨሩ ያቃስታል፤ ዋጋውም ይቆማል፤
ክቧ ምልክት ትዞራለች፣ ትዞራለች፤ ሰው ይሳደባል።

ራግንሂልድ ከሥር፣ በጎማ ቦት ጫማ፣
ሽቅብ ጠራችኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፤
«ዓሣውስ ሞቷል፤ ማሽንሽም አበቃ?»
መልስ አልነበረኝም፤ ፋይሉን ከፈትኩ በቃ።

ስምንት መቶ መስመር። ግማሹ ዝም ያለ፣
ግማሹ በቶርጌር እጅ የተቀጠለ፤
ቶርጌር ጡረታ ወጥቶ ሦስት ክረምት አልፎታል፣
ከአንዲት ቁጥር በላይ እንዲህ ሲል ጽፏል፦
«አትንኳት።»
ምክንያት የለም። ቀን የለም።
ከቃሉ ፊት አጥር የምትመስል ምልክት ቆማለች፤
ከሷ ኋላ ያለውን ማሽኑ አያነብም፣
ዘሎት ነው የሚያልፈው።
ሰው ለሰው በበር ሥር የሚያሾልከው ወረቀት ነው።

ነካኋት።

መቶ የነበረችውን አምስት መቶ አልኳት፤
«በሩ ይስፋ፣ ሁሉም ይግባ» ብዬ ፈረድኩላት።
ሜሞሪውንም እጥፍ፣ ካሹንም እጥፍ፣
ያየሁትን ሁሉ፣ አንዱንም ሳላልፍ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤
በማግስቱ ሰርቨሩ ማቃሰቱንም ትቷል፤
ወደቀ። ጭጭ።
ስክሪኑም እንደ ውጭው፣ ጨለማ ብቻ።

ያን ጊዜ ራግንሂልድ ሰሌዳ አወጣች፣
የድሮውን፣ ጥቁሩን፤ ጠመኔም አገኘች።
ገዢዎቹ ባንዴ ሲጮሁ፣ ሲጋፉ፣
«አስር አስር!» አለች፣ «ሌላችሁ ተሰለፉ!»
አስር ሰው ገባ፤ ጠራ፤ ገዛ፤ ወጣ።
ሌላ አስር መጣ።
አርባ ደቂቃ ሳይሞላ ሣጥኑ ሁሉ አለቀ፤
ከኔ ሰርቨር ይልቅ ጠመኔዋ ላቀ።
ደረጃው ላይ ቆሜ ሳያት፣ ሳሰላ፣
በሩ አልጠበበም ለካ፤ ውስጡ ነው የሞላ።

ሁሉንም መለስኩት እንደነበረበት።
ከዚያ በአንድ ሌሊት አንዲት ቁጥር ብቻ፦
ሰማንያ። ለካሁ። ስልሳ። ለካሁ። አርባ።
ክራር መቃኘት ነው፤ አንዱን ጅማት ስታጠብቂው
ጎረቤቱ ቃናውን ይለቃል፤
ጣትሽን አንስተሽ ካልሰማሽ በግምት አይሆንም።
ደብተሬ ላይ ሴኮንዱ፣ የሴኮንዱ ስባሪ፣
የዕለቱ ጀልባ ብዛት፣
አንድ ቦታ ላይ የሾርባ ጠብታ።
ሃያ አራት ላይ ስደርስ
ማቃሰቱ ቀረ።

ለቶርጌር ደወልኩ። ደሴቱ ላይ መረብ እየጠገነ ነበር።
«ለምንድን ነው አትንኳት ያልከው?»
ቆየ። ነፋስ በስልኩ ገባ። ከዚያ ሳቀ፦
«እኔ እንጃ። አንድ ሌሊት መቶ ስላት ሠራች።
ለምን እንደሠራች አላወቅሁም፤
ከዚያ ወዲያ ፈራኋት።»

ቃሉን አጠፋሁት።
ከአጥሯ ኋላ፣ በነሱ ቋንቋ፣ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦
«ሃያ አራት የሆነችው ሰልፍ ከግፊያ ስለሚፈጥን ነው።
ማሽኑ ሲቀየር ንኳት። እሷን ብቻ። ከዚያ ለኩ።
ካልገባችሁ ራግንሂልድን ጠይቁ።
ትርሲት፣ የካቲት ሦስት።»
ከሥሩ በፊደላችን አንድ ቃል ጨመርኩ፦ «አይዞን።»
ማሽኑ አያነበውም፤
ምናልባት ከኔ ኋላ የሚመጣውም።

ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት ጨረታው ይፈሳል፤
ሁለት መቶ ጣት፤ ሰልፉ ይንቀሳቀሳል።
ራግንሂልድ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም፤
ጠመኔዋን ግን ገና ከኪሷ አልጣለችም።